«ውሻ ያዙ!» የሚባልበት ደጅ

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ውሻ ነው። ለመንፈሳዊ ንባብ የማይመጥን የሚመስለው ቢኖር፣ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21ን ከፍቶ ስለ ተዋጊ በሬ የተደነገገውን ያንብብ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር የገባ ሰው፣ አጥር ጥግ ቆሞ መጀመሪያ የሚናገረው ቃል ሰላምታ አይደለም፤ «ውሻ ያዙ!» ነው። ከዚያ አንድ ልጅ ሮጦ ይወጣል፣ ውሻውን አንገቱን ይይዛል ወይም በእግሩ ይመታዋል፣ እንግዳው ዱላውን ወደ ኋላ ይዞ በጎን ያልፋል። ቤት ከገባ በኋላ ያለውን ሁላችን እናውቀዋለን፦ መቀመጫው ይነጠፋል፣ ጠላው ይቀዳል፣ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ይባላል። በእንግዳ ተቀባይነታችን እንመካለን፤ መመካታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን አብርሃም በዘፍጥረት 18 እንግዶቹን የተቀበለው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሳይሆን፣ በቀን ሙቀት ከድንኳኑ ደጃፍ ሮጦ ወጥቶ ነው። የእኛ አቀባበል ግን ከበሩ ወደ ውስጥ ይጀምራል፤ ከበሩ ወደ ውጭ ያለውን ለውሻው ትተንለታል።

ዱላ የያዘ ጎልማሳ ያልፋል። የማያልፈው ማን ነው? ከቤት ወደ ቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ እሳት ጭራ እንድትመጣ የተላከች ሕፃን፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቆሎ ተማሪው ነው። አገራችን ጎጃም የቅኔ ትምህርት አገር ናት። ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ቁራሽ የሚለምነው ልጅ ዱላ የሚይዘው ለሌላ ሳይሆን ለእኛ ውሾች ነው። በሥርዓተ አምልኮ ከእርሱ ጋር የተለያየን ነን፤ በደጃችን ሲቆም ግን የራበው የሰው ልጅ ነው። ባዶ አኩፋዳ ይዞ ከተመለሰ፣ «እኛ አልከለከልነውም፣ ውሻው ነው» ማለት አያዋጣንም።

እዚህ ላይ ነው የበሬው ሕግ የሚመጣው። በዘጸአት 21፥28-29 መሠረት፣ በሬ ድንገት ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ግን ተጠያቂ ነው። «ውሻችን ኃይለኛ ነው» ብሎ በኩራት የሚናገር ሰው እንግዲህ ነገሩ ተነግሮታል፤ ያውም በራሱ አፍ።

«ጅቡስ? ሌባውስ? በዚህ ክፉ ጊዜ ውሻችንን በግ እናድርገው?» የሚሉን አሉ። ሥጋታቸው እውነት ነው፤ አናቃልለውም። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 56፥10 የወቀሰው መጮኽ ያቃታቸውን ጠባቂዎች ነው። ውሻ ይጩኽ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለበት ውሻም ማንንም አይጠቅም። የምንለው ሌላ ነው፦ ከጮኸ በኋላ ጌታው «በቃ» ሲለው የሚያቆም ውሻ፣ ሁሉን ከሚነክሰው ይልቅ ቤት ይጠብቃል። ሁሉን የሚነክስ ውሻ ሌባውን ከጎረቤት አይለይምና ጩኸቱን የሚሰማለት የለም።

አሁን ወደ እልኸኛው ውሻ እንምጣ። እልኸኛ የምንለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ያስተማርነውን በደንብ የተማረ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር በእርግጫ ከተመታ፣ እንግዳ ማለት ሕመም ማለት እንደሆነ ያውቃል። እረኞች ለጨዋታ «ያዘው!» እያሉ መንገደኛ ላይ ከለቀቁት፣ አባት ደግሞ ማታ «ተው!» ካለው፣ የትኛውን ይስማ? ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውለውም ቁጣው ሲጠራቀም ይውላል።

ስለዚህ ከቤተ ሰቡ ይጀመር። ሁሉም አንድ ቃል ይምረጡ፤ «በቃ» ይበቃል። አንድ የሚያውቃችሁ ትልቅ ሰው እንግዳ ይሁንላችሁ፣ ልጅ አይሁን። ውሻውን በጠንካራ ገመድ ያዙት። እንግዳው ውሻው ሊያየው በሚችልበት፣ ግን ገና በማይቆጣበት ርቀት ይቁም፤ ዓይኑን ትኩር ብሎ አይመልከተው፣ በጎኑ ይቁም። ውሻው ዝም ሲል ባለቤቱ ቁራሽ እንጀራ ይስጠው፤ ያን ጊዜ እንግዳው አንድ እርምጃ ይቅረብ። ውሻው ከተቆጣ እንግዳው ወደ ኋላ ይመለስ፤ ጩኸትም ዱላም አያስፈልግም። በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ለሳምንታት። ይህን ስንናገር የሚስቁብን አሉ፤ ወይፈን ለማረስ ስንት ቀን እንደሚያለማምዱ ግን ይረሳሉ። በደስታ እየዘለለ ነጠላ የሚያቆሽሸውን ደግሞ ጀርባ ስጡት፤ አራት እግሩ መሬት ሲነካ ብቻ ዳብሱት።

ቡችላ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 3ኛው ወር ገደማ ያለው ጊዜ ሰውን የሚለምድበት ነው፤ ሽማግሌውንም፣ ጃንጥላ የያዘውንም፣ ደበሎ የለበሰውንም ይየው። ሰው ነክሶ የሚያውቀውን አሮጌ ውሻ ግን በእንግዳ ላይ አትፈትኑት፤ ቀን ቀን ለብቻው በታጠረ ቦታ ይዋል፣ ሌሊት ግቢውን ይጠብቅ።

ሌላም ነገር አለ፣ የእብድ ውሻ በሽታ። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚደርስባቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ክትባቱን ለሰው ከሰጠ ወዲህ ግን መከላከያው የታወቀ ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጸልዩለት፤ እየጸለያችሁ ግን ይዛችሁት ሂዱ። ጸሎት ስላደረግን ክትባቱ ይቅር የሚል ሰው ካለ፣ ቃሉን በትክክል አላስተማርነውም።

በየሳምንቱ የጸሎት ኅብረት የምታስተናግዱ ቤተ ሰቦች ቀዳሚ ሁኑ። የሚቀጥለው ፕሮግራም ከመድረሱ በፊት ውሻችሁን ወደ ወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዱና ስለ ክትባቱ ጠይቁ። ስትሄዱ ገመዱን አጥብቁ፤ መንገድ ላይ ሕፃናት አሉ።