ኮምፒዩተሩ ‹‹ታምሜያለሁ›› ሲል ‹‹ኦኬ›› አይባልም

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገሬው ሰው፡፡ የዛሬው ነጋዴ ሒሳብ የሚያድርበት ዳታቤዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን አይደብቅም፡፡ ሲያመው ቁጥር ጠርቶ፣ ምክንያቱን ጠቅሶ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፡፡ የሚደብቀው ሰው ነው፡፡ ገንዘብ ተቀባይዋ የተሰለፈውን ደንበኛ ላለማስቆም ‹‹ኦኬ›› የሚለውን ተጭና ታልፈዋለች፤ ሒሳብ ሠራተኛው አጥፍቶ ያበራዋል፤ ባለቤቱ ነገሩን የሚሰማው ሽያጭ የቆመ ዕለት ነው፡፡

‹‹ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለዚያም ከፍያለሁ›› የሚል ባለሀብት አይጠፋም፡፡ ይኸው ሰው ግን የመጣለትን ካርቶን ሳያስቆጥር መጋዘን አያስገባም፡፡ ሶፍትዌር ሲጫንለት ግን ቆጠራ የለም፡፡ ስክሪኑ በራ፣ አንድ ደረሰኝ ታተመ፣ ሒሳብ ተከፈለ፣ አለቀ፡፡ ዋናው የይለፍ ቃል በጫኚው ጭንቅላት ውስጥ እንዳለ ይሄዳል፡፡ ማን ምን ያህል ዱቤ እንዳለበት፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ዕቃ እንደቀረ የሚያውቀው ይኸው ዳታቤዝ ነው፡፡ ነጋዴው ፕሮግራም መጻፍ ይማር የሚል የለም፡፡ የመጋዘኑን ቁልፍ እንደሚይዝ ይህንንም ቁልፍ ይያዝ ነው ነገሩ፡፡

ችላ የተባለ መልእክት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ትልልቆቹም አይተውታል፡፡ የፕሮግራመሮችን ሥራ በአደራ የሚያስቀምጠው ጊትላብ የተባለ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 መጨረሻ ላይ አንድ ሠራተኛው በሌሊት ብልሽት ሲጠግን በስህተት የዋናውን ሰርቨር ዳታ ሰረዘ፡፡ ስረዛው ሲቆም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ያህል ብቻ ነበር፡፡ ‹‹ባክአፕ አለን›› ተባለ፤ ሲከፈት ባዶ ሆነ፡፡ ምክንያቱ የአጫጫን ጉድለት ነበር፡፡ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሲሆን ባክአፕ የሚወስደው መሣሪያ ግን የ9.2 እትም ስለነበር፣ መሣሪያው በየጊዜው ‹‹እትማችን አይገጥምም›› እያለ ሥራውን ያቋርጥ ነበር፡፡ ስህተቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በተቀባዩ የፖስታ ሥርዓት ተመላሽ ይደረግ ስለነበር ማንም አላየውም፡፡ ኩባንያውን ያተረፈው ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ የተወሰደ ቅጂ ነው፡፡ ያም ሆኖ የ6 ሰዓት ሥራ፣ 5,000 ያህል ፕሮጀክቶችና 700 ያህል አዳዲስ ተጠቃሚዎች የነካ ጉዳት ደረሰ፡፡ ማሽኑ ተናግሮ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም እንጂ፡፡

ይህ ማለት መልእክት በመጣ ቁጥር ይደንገጥ ማለት አይደለም፡፡ መልእክቶቹ ደረጃ አላቸው፡፡ በኤስኪውኤል ሰርቨር 18456፣ በማይኤስኪውኤል 1045 የሚለው ቁጥር ሲመጣ የተጠቃሚው መግቢያ ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነው፡፡ ቁልፉ አልገባም እንጂ ቤቱ አልተቃጠለም፡፡ የማይኤስኪውኤል 2003 ወይም የኦራክል 12541 ሲመጣ ደግሞ ጥሪው ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም፣ ወይም የሚቀበለው አጥቷል፡፡ ሰርቨሩ በርቷል ወይ? መብራት ሄዶ ሲመለስ የዳታቤዙ አገልግሎት አብሮ ተነሥቷል ወይ? የኔትወርኩ ኬብል ተሰክቷል ወይ? እነዚህ ሳይጠየቁ ‹‹አጥፍተን እንደገና እንጫነው›› የሚል ጠጋኝ ቢመጣ ባለቤቱ እጁን ይያዝ፡፡ ደህናውን ሒሳብ የሚያጠፋው እንዲህ ያለው ችኮላ ነው፡፡

አንዳንዱ መልእክት እንዲያውም የጥበቃ ሥራ ነው፡፡ የማይኤስኪውኤል 1062 የሚመጣው መደገም የሌለበት ቁጥር፣ ለምሳሌ አንድ የደረሰኝ ቁጥር፣ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ሲል ነው፡፡ ‹‹ይህችን አስቸጋሪ ነገር አንሣልን›› ማለት ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት መተው ይሆናል፡፡

የኤስኪውኤል ሰርቨር 1105 ቦታ ሞላ የሚል ነው፡፡ እዚህ ላይ ገዢው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፡፡ ኤክስፕረስ የሚባለው ነፃ እትም ከ2008 አር2 እስከ 2022 ባሉት ዝርያዎቹ አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት በላይ እንዲያድግ አይፈቅድም፡፡ ሻጩ ነፃውን ጭኖ ሲሄድ ለዓመታት ችግር ላይታይ ይችላል፤ ገበያው የደራ ዕለት ግን መዝገቡ አልቀበልም ይላል፡፡ የትኛው እትም እንደተጫነ መጠየቅ የዋጋ ድርድሩ አካል መሆን አለበት፡፡

ከሁሉም የሚያስፈራው 824 ነው፡፡ ከዲስኩ የተነበበው ከተጻፈው ጋር አልገጠመም ማለት ነውና እንደ ተለመደው ‹‹ኦኬ›› ብሎ መሸጥ መቀጠል የለም፡፡ ሽያጩ በወረቀት ደረሰኝ መዝገብ ይያዝ፤ ባክአፑ ይፈለግ፤ ባለሙያ ይጠራ፡፡ የማይክሮሶፍት የመጨረሻ መጠገኛ ትእዛዝ ስሙ ራሱ ‹‹ዳታ ቢጠፋም ፍቀድ›› የሚል ነው፡፡ ባለቤቱ ሳያውቅና ሳይስማማ ይህ ትእዛዝ መሰጠት አይኖርበትም፡፡

ጨርሶ የማይናገር በሽታም አለ፤ የሚነካውም በአማርኛ የሚጽፈውን ነው፡፡ በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የደንበኛ ስም የሚገባበት ዓምድ ለላቲን ፊደል ብቻ ተብሎ ከተዘጋጀ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ስም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ይቀመጣል፡፡ አንዴ ከተለወጠ ከዚያው መዝገብ አይመለስም፡፡ ስለዚህ ጫኚው ከመሄዱ በፊት አንድ ስም በአማርኛ ይጻፍ፣ ይመዝገብ፣ ፕሮግራሙ ተዘግቶ ይከፈት፣ ስሙም ይታይ፡፡ ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፡፡

መፍትሔው ከዚህ የራቀ አይደለም፡፡ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ነጋዴው አራት ነገሮች በእጁ ይግቡ፡፡ አንደኛ፣ የዋናው ተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ፡፡ ሁለተኛ፣ የተጫነው ሶፍትዌር ስም፣ እትምና የተጫነበት ቀን በወረቀት፡፡ ሦስተኛ፣ ባክአፑ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ ሲከፈት በዓይን ማየት፤ ተመልሶ ያልተከፈተ ባክአፕ ያልተቆጠረ ካርቶን ነው፡፡ አራተኛ፣ የስህተት መልእክት ሲመጣ የሚነገረው ሰው ስምና ስልክ፡፡

ለሠራተኞች ደግሞ አንድ ደንብ ይበቃል፡፡ መልእክቱ ከመዘጋቱ በፊት ቁጥሩ፣ ሰዓቱና በዚያ ደቂቃ ይሠራ የነበረው ነገር በደብተር ይጻፍ፤ ስልክ ካለ ፎቶ ይነሣ፡፡ እንግሊዝኛው የማይገባት ገንዘብ ተቀባይ ቁጥሩን ለመገልበጥ አይከብዳትም፡፡ ‹‹ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ›› ብሎ ባለሙያ መጥራትና ‹‹1105 አለ›› ብሎ መጥራት እኩል አይደለም፡፡ የመጀመሪያው ባለሙያውን ከዜሮ ያስጀምረዋል፤ የሚፈልግበትን ሰዓት ሁሉ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፡፡ ሁለተኛው ግን ችግሩ ወዳለበት በቀጥታ ይመራዋል፡፡

ደብተርና እርሳስ ስንት ነው? ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፡፡