ልጆቻችን ከሰልፍ ምን ይዘው ይመለሱ?

ጅቡቲ ከተማ ላይ ሐሩሩ ጋብ የሚለው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። ልጆች ደጅ ተሰልፈው ሳይዝሉ የሚያዳምጡት ያኔ ስለሆነ፣ የሰልፍ ዝግጅቱን አብረን እንምረጥ።

እኛ የምናስቀድመው ኅዳር 12ን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ያ ዓለምን ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ፣ አዲስ አበባን ፈጀ። በዕለቱ ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ፤ "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው ይኸው ነው። ዛሬ ግን በሽታው በሳልና በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ እንደነበረ እናውቃለን፤ ጭስ አያባርረውም። የእኛ ቆሻሻ ደግሞ አብዛኛው ፌስታልና ፕላስቲክ ነው፤ በተጠጋጉ ቤቶች መሃል ቢቃጠል ሕፃናትን ያፍናል።

ስለዚህ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ታሪኩን በአጭር ድራማ ያሳዩ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ እጁን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ይታጠብ፤ ከጉንፋንም ከተቅማጥም ይጠብቃል። ውኃ እንዳይባክን ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ይበቃል።

ረጅም ንግግር እዚያው ሰልፉ ላይ ይረሳል፤ በእጅ የተሠራ ግን ቤት ይገባል። ማታ "ዛሬ ምን አያችሁ?" ብላችሁ ጠይቋቸው። የታናናሾቻቸውን እጅ ካስታጠቡ፣ ጥሩ መርጠናል ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን!