360 ቀን የሚሠራ፣ በጳጉሜን የሚወድቅ ፕሮግራም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ተማሪ የቀጠሮ መመዝገቢያ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፈ እንበል። ምሳሌውን ያገኘው ከውጭ መጽሐፍ ስለሆነ ለወር ስሞች 12 ቦታ ያዘ። ፕሮግራሙ ከመስከረም 1 እስከ ነሐሴ 30 ያለ እንከን ይሠራል። ጳጉሜን ሲገባ ግን 13ኛውን ስም ካልተያዘለት ቦታ ሊያነብ ይሄዳል።

ሲ ድንበር ጠባቂ የለውም። 12 ቦታ ይዞ 13ኛውን ለሚጠይቀው «የለም» አይልም፤ ከአጥሩ ማዶ ያገኘውን ያነብለታል። ፕሮግራሙ ቢዘጋ ደግ ነው፣ ስህተቱ ይታወቃል። ክፉው ዝም ብሎ የተሳሳተ ቀን ሲሰጥ ነው። ያኔ ዋጋውን የሚከፍለው ለሕክምና ቀጠሮ ከአንኮበር በጠዋት የተነሳው ታካሚ ነው።

ፊደሉም ሌላ ወጥመድ አለው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይወስዳል። ሴፕቴምበር በላቲን 9 ፊደል ነው፤ ከማብቂያው ዜሮ ጋር 10 ባይት ይበቃዋል። «መስከረም» ግን 5 ፊደል ሆኖ 16 ባይት ይፈልጋል። በሴፕቴምበር ልክ የተሰፋ ቦታ መስከረምን አይችለውም፤ ትርፉ ጎረቤት ላይ ይፈሳል።

ሦስተኛው «ሎካልታይም» የሚባለው የሲ ተግባር ነው። መልሱን ሁልጊዜ አንድ ቋሚ ቦታ ላይ ይጽፋል። የልደት ቀን ተጠይቆ፣ ሳይገለበጥ የዛሬው ቀን ቢጠየቅ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጠፋዋል። በሁለቱ መካከል ዕድሜ ሲሰላ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል።

«ለዚህ መሣሪያ አለ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አድረስ ሳኒታይዘር ከድንበር ያለፈውን ንባብ መስመሩን ጠቅሶ ያጋልጣል። ግን የሚያየው ፕሮግራሙ የሄደበትን መንገድ ብቻ ነው። በታኅሣሥ ቀን የተፈተሸ ፕሮግራም የጳጉሜንን ጉድጓድ አያሳይም። «በፓይተን ይጻፍ» የሚለውም ግማሽ መልስ ነው፤ ፓይተን ከድንበር ማለፍን ይከለክላል እንጂ 13ኛውን ወር አይጨምርም።

ስለዚህ መፍትሔው ከመምህሩ ሰሌዳ ይጀምራል። የመጀመሪያው የወር መልመጃ በ13 ይሁን። ጳጉሜን 5 እና እንደ 2015 ባለ ዓመት ጳጉሜን 6 ያልተፈተሸበት ፕሮግራም አልቋል አይባል። «የ13 ወር ጸጋ» እያለች ቱሪስት የጠራች አገር ልጆቿን በ12 ወር እንዲቆጥሩ ማስተማር አይገባትም።