ኮምፒዩተሩ የዋጣት ጳጉሜን

ባለፈው ሳምንት በጽሕፈት ቤታችን የሆነውን ነገር አንባቢዎቻችን ቢሰሙት ያስቃቸዋል ብለን እናምናለን፤ በዕለቱ ግን እኛን ላብ አጠመቀን።

አንዲት ወይዘሮና የቀድሞ ባለቤታቸው ስለ ልጃቸው ቀለብ ሊስማሙ ከዳኛው ፊት ቀርበው ነበር። የወሩ ገንዘብ ልክ ተቈርጦ ፊርማ ብቻ ሲቀር፥ ቃሉን እንድናነብ ታዘዝንና «ልጁ የተወለደው መስከረም 4 ቀን 2010 ዓ.ም.» ብለን አነበብን። አባትዮው ብዕሩን አስቀመጡ። «እኛ የተጋባነው በዚያው ዓመት በኅዳር ነው» አሉ። የወይዘሮዋም ፊት ተለዋወጠ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልዮው ነው ይላል፤ እኛ ባነበብነው ቀን ከሄድን ግን ልጁ ከሠርጉ ኹለት ወር ቀድሞ መጥቷል።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ፥ ከኋላ የተቀመጡት የአባትዮው እናት ተነሡ። «ልጄ፥ ምን ነካህ? የዘመን መለወጫው ጠላ ሳይጠለል ምጥ ይዟት አልነበረምን? በእንቁጣጣሽ ገንፎ ያገነፋሁላት እኔ አይደለሁምን?» አሉ። ቤቱ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ።

ለካ ልጁ የተወለደው ጳጉሜን 4 ቀን ኖሯል። የወይዘሮዋን ቃል ስንመዘግብ ወሩን 13 ብለን ጽፈን ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ግን የተሠራው 12 ወር ብቻ ላለው የፈረንጅ ዘመን አቈጣጠር ነውና 3ቱን ጥሎ 1ን ብቻ ያዘ፤ መስከረም አደረገው። እኛም ሳናስተያይ አትመን ማኅተም መታንበት። ጳጉሜን ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የማይቈረጥባት ወር መሆኗን ለምደነዋል፤ ልደት ጭምር የምትከለከል መሆኗን ግን በዚያ ቀን አየን።

ዳኛው ስሕተቱ እንዲታረም አዘዙ። ኹለት ጊዜ ብንሞክር ኮምፒዩተሩ በቀይ ጽሕፈት እምቢ ስላለ፥ በታተመው ወረቀት ላይ በብዕር «ጳጉሜን» ብለን ጽፈን ከጐኑ ፈረምን። አባትዮው አንገታቸውን ደፍተው ብዕሩን አነሡ። ወይዘሮዋ ግን ቀኑ እንደ ገና ሲነበብ ካልሰማሁ አልፈርምም አሉ፤ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ኹለት ጊዜ አነበብንላቸው።