ለቤት የሚሆን ጠመንጃ የትኛው ነው?

"ለቤት ጥበቃ የትኛው መሣሪያ ይሻላል?" ተብሎ ሲጠየቅ ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች መልሱ ሳይታሰብበት ይመጣል። "ክላሽ ነዋ!" አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ባለሥልጣንም የራሱ መልስ አለው፤ "ምንም" ይላል። ሁለቱም መልስ ሰጪዎች ግን ሌሊት በሩ የሚንኳኳበትን ሰው ቤት ገብተው አላዩም።

ክላሹ ይቅደም። ክላሽንኮቭ የተሠራው ለወታደር ነው። ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል፤ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይበራል። የጎጃም ገበሬ ቤት ግድግዳ ደግሞ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃና ጭድ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ጣውላ። ከብቱ በአንድ ወገን፣ ልጆቹ በሌላ ወገን ይተኛሉ፤ ከአጥሩ ማዶ የወንድም ወይም የአማት ቤት አለ። በዚህ ቤት ውስጥ፣ በጨለማ፣ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ክላሹን በተከታታይ መተኮሻው ላይ አድርጎ ምላጩን ቢስብ ጥይቱ በሌባው ላይ አይቆምም። በግድግዳው አልፎ የት እንደሚያርፍ የሚታወቀው ሲነጋ ነው።

ምንሽርስ ግድግዳ አይበሳም ወይ? ይበሳል፤ እንዲያውም አንዱ ጥይት ከክላሹ አንድ ጥይት ይበረታል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ምንሽር አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና እስኪያቀባብል ድረስ ባለቤቱን እንዲያስብ ያስገድደዋል። ያቺ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ሌባ ነው የተባለው ሰው አምሽቶ የመጣ የእህት ልጅ መሆኑን ለመለየት ትበቃለች። ሽጉጥ የሚመርጡም አሉ፤ በተለይ በሱዳን ጠረፍ በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባው ቱርክ ሠራሽ። ሽጉጥ ግን ቤት አይውልም። ከጋቢ ሥር ተሸጉጦ ጠላ ቤት ይሄዳል፣ ሠርግ ይሄዳል፣ ድንበር የተጋፋ ጎረቤት ወዳለበት ማሳም ይሄዳል።

ደግሞስ በደጋው አገር ቤት የሚጠበቀው በማነጣጠር ብቻ ነበር እንዴ? ሌባ ሲመጣ መጀመሪያ ኡኡታ ነበር። ኡኡታው ካልተሰማ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ ያን የሰማ ጎረቤት ዱላውንም ጠመንጃውንም ይዞ ይደርሳል። ማለትም ጠመንጃው ከመግደያነቱ ይልቅ እንደ ደወል ሲያገለግል ኖሯል። ለደወል 30 ጥይት አያስፈልግም። ጥማድ በሬውን ሸጦ ክላሽ የገዛ ገበሬ፣ ሌባው ሊወስድበት የሚችለውን ንብረት ራሱ አስቀድሞ ሸጦታል። በበሬው ፈንታ ቤቱ ያስገባው ዕቃ ደግሞ ለሌባም ለታጣቂም ከበሬ ይልቅ የሚያጓጓ ነው።

የሕጉም ነገር አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራሱን ወይም ሌላውን ከሕገ ወጥና ከተቃረበ ጥቃት ለመከላከል የሚወሰድን እርምጃ ያስቀጣል አይልም፤ እርምጃው ግን ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይጠይቃል። መጠኑን ያለፈው አንቀጽ 79 ይጠብቀዋል። በግ ይዞ የሚሸሽ ጎረምሳ ጀርባው ላይ ግማሽ ካዝና የጨረሰ ሰው ችሎት ፊት "ቤቴን ጠበቅሁ" ቢል ዳኛው የሚቆጥረው የጥይቱን ቀለሃ ነው። ከችሎቱ ባሻገር ደግሞ ደም አለ። የሟች ወንድም ጠመንጃ ይገዛል፣ የገዳይ ወንድምም ይገዛል፤ ሽማግሌዎች በሬና ገንዘብ አስቆጥረው እስኪያስታርቁ ድረስ ሁለቱም ቤተሰቦች ማሳቸውን ትተው ይሸሻሉ። ለሌባ የተገዛው መሣሪያ በድንበርና በውርስ ጠብ ዘመድ ላይ ሲዞር ያላየ የጎጃም ሽማግሌ ካለ ይምጣ።

እንግዲህ በክላሽ ላይ ይህን ያህል ከተባለ መደምደሚያው "መንግሥት ትክክል ነው፣ ሁሉም ያስረክብ" ይመስላል። አይደለም።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሎ፣ ፈቃድን በተቆጣጣሪ ተቋም እጅ አድርጎ፣ መሣሪያ መያዝ ልማድ የሆነባቸው አካባቢዎች እንዳሉም አምኖ የወጣ ሕግ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ መጥፎ ሕግ አይደለም። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አዋጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በሐምሌ 2013 የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር አገኘሁ ተሻገር በመንግሥትም ሆነ በግል የታጠቀ ሁሉ ለዘመቻ እንዲነሳ ጥሪ አቀረቡ። በጥቅምት 2014 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕዝቡ ያለውን ማናቸውንም መሣሪያ ይዞ እንዲዘምት ጻፉ፤ በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በሁለት ቀን ውስጥ አስመዝግበው ሰፈራቸውን እንዲጠብቁ አዘዘ። በዚያ ወቅት "ፈቃድህ የት አለ?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጠመንጃ ያለው ጀግና፣ የሌለው ደግሞ የሚታዘንለት ነበር።

ከዚያ መጋቢት 2015 መጣ፤ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ። ሐምሌ 2015 ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና ቤት መፈተሽ ተፈቀደ፤ አዋጁም 10 ወር ቆየ። ከሁለት ዓመት በፊት ዝመትበት የተባለው ጠመንጃ፣ ያው ራሱ፣ ባለቤቱን የሚያስጠረጥር ማስረጃ ሆነ። ጠመንጃው አልተለወጠም፤ ገበሬውም አልተለወጠም። የተለወጠው ወቅቱ ነው። ፈቃድ ማለት ደግሞ ወቅት ሲለወጥ የማይለወጥ ወረቀት ማለት ነበር፤ ካልሆነማ ለምን ይወጣል?

ጎጃሜ ምዝገባን የሚጠራጠረው መሣሪያ ስለሚወድ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ታሪኩን ገለጥ አድርገው ቢያዩ ጥሩ ነው። በ1929 ጣሊያን ጎጃምን ትጥቅ ላስፈታ ሲል አመፁ ተቀጣጠለ። ያ ጠላት ነበር ይባል። ከነጻነት በኋላስ? ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ጠቅላይ ግዛቱን ሲያስተዳድሩ ሕዝቡ መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ፣ ለምዝገባውም እንዲከፍል ተደረገ። ገበሬው ነገሩን ያነበበው በሁለት መንገድ ነው፤ ዛሬ ገንዘብ፣ ነገ ጠመንጃ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲጨመርበት ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ተነሱ። መንግሥት አውሮፕላን ጭምር አዝምቶ ነበር፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥውን አዛወረ፣ የግብር ውዝፉንም ማረ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ትምህርት በየቤቱ አለ፦ መዝገብ ላይ የሰፈረ ጠመንጃ ወሳጁን እየጠበቀ ያለ ጠመንጃ ነው።

ዛሬ ይህ ጥርጣሬ ከያኔውም የከፋ መሠረት አለው። ፈቃድ የጠየቀ ሰው ስሙን፣ የመሣሪያውን ዓይነትና ቁጥር፣ ቤቱ የት እንደሆነ ያስመዘግባል። ያ መዝገብ የት ይቀመጣል? በጎጃም ገጠር የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ዛሬ የያዘው ኃይል ነገ ላይኖር እንደሚችል በ2015ም በ2016ም ታይቷል። ጽሕፈት ቤት እጅ በተለዋወጠ ቁጥር መዝገቡም እጅ ይለዋወጣል። ለመንግሥት "ሕጋዊ ታጣቂ" ተብሎ የተጻፈው ስም፣ ለሌላው ኃይል "መሣሪያ ያለበት ቤት" የሚል ስም ዝርዝር ነው። አንዱ ወገን "ለምን አልታጠቅህልኝም" ብሎ፣ ሌላው "ለማን ታጠቅህ" ብሎ ያንኑ በር ያንኳኳል። ሌባውማ በዚህ መሐል ከሁሉም ቀላሉ እንግዳ ሆኗል።

ስለዚህ "ሕግ ይከበር" የሚለው ንግግር ባዶ የሚሆነው ሕጉ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚጠይቅ ነው። አባወራው ዕድሜውን፣ ጤንነቱን፣ ከወንጀል ነጻ መሆኑን፣ መሣሪያውን ከየት እንዳገኘው ያስረዳል። ሌሊት ሲጮህ ማን እንደሚደርስለት፣ ፖሊስ ጣቢያው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ጭራሹን ይመጣ እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም። ፖሊስ በሌለበት ቀበሌ ገበሬን ባዶ እጅህን ሁን ማለት፣ ሐኪም በሌለበት አገር ሐበሻ መድኃኒት አትንካ እንደማለት ነው።

መንግሥት በእርግጥ ክላሽ ከየቤቱ እንዲወጣ ከፈለገ መንገዱ ፍተሻ አይደለም፤ ልውውጥ ነው። ገበሬው አውቶማቲኩን ያስረክብ፣ በምትኩ አንድ ጠመንጃ፣ ምንሽርም ይሁን እንደ ሲሞኖቭ አንድ በአንድ የሚተኩስ፣ በስሙ ይፈቀድለት። የተረከበው አካል ማህተም ያለበት ደረሰኝ ይስጥ፤ በደረሰኙ ላይም የሚከፈለው ዋጋ ይጻፍ፣ ይከፈልም። የተፈቀደችውን አንዷን ጠመንጃ ደግሞ ከፍርድ ቤት ትእዛዝ በቀር ማንም፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ቢታወጅ፣ እንዳይወስዳት በሕግ ይጻፍ። መዝገቡ ከቀበሌ ይውጣ፤ የሚያየውም ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ። ማንም ባለሥልጣን፣ የክልልም ይሁን የፌዴራል፣ የተመዘገበን መሣሪያ ለዘመቻ የመጥራት መብት አይኑረው። ለቤት የተፈቀደ ለቤት ይቅር። የመጨረሻው ነጥብ ለቢሮው ሰው ከሁሉም የሚመረው ሳይሆን አይቀርም፤ የግል ጠመንጃን ሲያሻው ሠራዊት፣ ሲያሻው ሽፍትነት ማድረግ የለመደው እሱ ነውና።

"ይህ ሁሉ ሰላም ሲመጣ ነው" ይባል ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው፤ ጦርነት ባለበት ማሳ ላይ ማንም ደረሰኝ ይዞ አይሰለፍም። ግን ሰላሙ በመጣ ማግስት የመጀመሪያው ሥራ እንደ ልማዱ በድምፅ ማጉያ "መሣሪያ አስረክቡ" ብሎ መለፈፍ ከሆነ፣ የሚረከበው ያረጀውና የማይተኩሰው ነው። ደህናው በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ጎተራ ሥር ይገባል። የተቀበረ ጠመንጃ ደግሞ ሌሊት ሌባ ሲመጣ አይደረስበትም፤ ተቆፍሮ የሚወጣው ለሌላ ነገር ነው።