ጠጉረ ልውጧ ማን ናት?

በቀበሌ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ሁላችንም አንብበን አልፈነዋል። «ጠጉረ ልውጥ ሰው በአካባቢዎ ሲያዩ ለሚመለከተው አካል ያሳውቁ» ይላል። ቃሉን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው ጆሯችንን አይቆረቁረውም። እስቲ ግን ለአንድ አፍታ ቆም ብለን እንየው። የማይታወቅ፣ ባዕድ፣ የሚያስጠረጥር ሰው ለማለት አማርኛችን የመረጠው ምልክት ምንድን ነው? ቋንቋው አይደለም። ሃይማኖቱም አይደለም። ጠጉሩ ነው።

ይህን ያነሣሁት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በአዲስ አበባ ስለ ሴቶች ጠጉር የሚወራውን ስለምሰማ ነው። ወጣት ሴቶች ኬሚካሉን ትተው፣ ሂውማን ሄሩን አውልቀው፣ «ናቹራል ሆነናል» ይላሉ። ደግ አድርገዋል። እኔም በልጅነቴ ለበዓል በከሰል እሳት በጋለ የብረት ማበጠሪያ ስተኮስ የጆሮዬ ጫፍ የተጠበሰብኝ ነኝና የነፃነቱ ጣዕም ይገባኛል። ነገር ግን ወሬውን ልብ ብላችሁ ስሙት። ተከሳሹ ሁልጊዜ ፈረንጅ ነው። ፈረንጅ ውበቱን ጫነብን፣ ሆሊዉድ አታለለን፣ የቢጫ ጠጉር አሻንጉሊት ልጆቻችንን አሳበደችብን፣ ይባላል። ክሱ አዲስ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ተማሪዎቹ የባህል ወረራ ነው ብለው ተነሥተውበት ነበር። ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ጠቡ «በእነሱ» እና «በእኛ» መካከል ነው። «እኛ» ማን ማን እንደሆንን ግን የጠየቀ የለም።

ለአሜሪካ ጥቁሮች ክሱ እውነት ነው። ከእነሱ ተገልብጦ ወደ እኛ ሲመጣ ግን አንድ ትልቅ ውለታ ይውልልናል፤ ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣናል። እኔ ግን ይህን ክስ ይዞ ጋምቤላ የሚሄድ ሰው አፍሮ የሚመለስ ይመስለኛል።

ምክንያቱም ጋምቤላ ፈረንጅ ያልረገጣት ከተማ አይደለችም። ዓፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቀደ። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም እየመጣ ጨውና ሸቀጥ ያራግፍ፣ ቡና ይጭን ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ እስክትወጣ ድረስ እንግሊዞች እዚያው ነበሩ። ሆኖም ዛሬ በጋምቤላ ከተማ አንዲት የአኝዋ ወይም የኑዌር ልጅ ስለ ጠጉሯ የምትሰማው ቃል የእንግሊዝኛ ቃል አይደለም። «ከርዳዳ» ነው። ይህ ቃል በመርከብ አልመጣም። ከጎሬ ቁልቁል፣ በመጀመሪያ በበቅሎ፣ በኋላም በጭነት መኪና፣ ከነጋዴው፣ ከወታደሩ፣ ከጸሐፊውና ከአስተማሪው ጋር የወረደ ነው።

አማርኛችን ለጠጉር መሰላል አበጅቷል። ከላይ ሉጫና ዞማ ተቀምጠዋል፤ ስንዘፍንም ስናሞግስም ስንድርም እነሱን እንጠራለን። ከታች ከርዳዳ አለ፤ ለስድብ ካልሆነ በቀር ከአፋችን አይወጣም። ለቆዳም እንደዚሁ ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን እናወርዳለን። ጋምቤላ ውስጥ ደገኛው «ቀይ» ነው፣ የአገሬው ሰው «ጥቁር» ነው። በደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን የሰውን ዘር ለመወሰን እርሳስ በጠጉሩ ውስጥ ይሰኩበት ነበር፤ እርሳሱ ከወደቀ ነጭ፣ ተይዞ ከቀረ ጥቁር። ያን ስናነብ እንዘገንናለን። እኛ እኮ እርሳስ እንኳ አላስፈለገንም! በዓይናችን ለክተን በቃል እንጨርሳለን።

የመለኪያው ሥር ደግሞ የውበት ሳሎን አይደለም። የባሪያ ንግድ በነበረበት ዘመን ከምዕራብ ጠረፍ እየተነዳ የሚመጣው ሰው ከሌላው የሚለየው በመልኩ ነበር፤ የቆዳው ጥቁረትና የጠጉሩ መከርደድ ማንነቱን ሳይሆን ዋጋውን ይናገሩ ነበር። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ወጣ። አዋጁ ሰንሰለቱን ፈታ፤ ስድቡን የሚፈታ አንቀጽ ግን አልነበረውም። ዛሬ በትምህርት ቤት ግቢ አንድ ልጅ ሌላዋን በጠጉሯ ሲሰድባት ከየት እንዳመጣው አያውቅም ይሆናል። ቃሉ ግን የመጣበትን አይረሳም።

በአንድ የጋምቤላ የውበት ሳሎን ተቀምጬ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። የሳሎኑን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እንደሱ ያለ ብዙ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ሥዕሎች በሙሉ ጠጉራቸው ትከሻቸው ላይ የፈሰሰ ሴቶች ናቸው። ለምረቃዋ ልትሠራ የመጣች የአኝዋ ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ሠሪዋ ከደጋ የመጣች፣ አንደበቷ ለስላሳ፣ «የኔ ቆንጆ» ሳትል ቃል የማትናገር ወጣት ናት። ደረቁን ጠጉር በቀጭን የፕላስቲክ ማበጠሪያ ከሥሩ ያዘችና ሳበች። አንድ ጥርስ ተሰበረ።

«የእናንተ ጠጉር እኮ ማበጠሪያ ይጨርሳል!» አለች እየሳቀች።

ልጅቱም ሳቀች። ቀጥላም አንገቷን ደፍታ፣ ጥርት ባለ አማርኛ «በቃ፣ ሸፍኚልኝ» አለቻት።

ሸፍኚልኝ! አንድ ሰው ይሸፈንልኝ የሚለው ወይ ቁስሉን ነው፣ ወይ ነውሩን ነው። ሠሪዋን ኋላ ስጠይቃት ሥራውን አዲስ አበባ እንደተማረች፣ በተማረችበት ቦታ እንዲህ ያለ ጠጉር ተቀምጦላት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ይህን የምለው እሷን ነፃ ለማውጣት ሳይሆን ነገሩ ክፉ ሰው እንደማያስፈልገው ለማሳየት ነው። እውነቱን ለመናገር ማበጠሪያውን የሰበረው ጠጉሩ አይደለም። ጥቅጥቅ ብሎ የተጠቀለለ ጠጉር በደረቁ አይበጠርም። ውኃ ይነካዋል፣ ቅባት ይቀባል፣ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፉ ተጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይወረዳል። ይህን ያልተማረች ሠሪ ሙያዋ ግማሽ ነው። እኛ ግን ጉድለቱን ከሠሪዋ እጅ አንሥተን በደንበኛዋ ራስ ላይ ጫንነው።

ያች ልጅ የሸፈነችው ጠጉር ምን እንደሚሠራ ሳይንስ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት፣ በሙቀት መለኪያ አሻንጉሊት ራስ ላይ ልዩ ልዩ ጠጉር እየደፋ በሰው ሠራሽ ፀሐይ ፈትኖ፣ ራስን ከፀሐይ ግለት አብልጦ የሚከላከለው ጥቅጥቅ ብሎ የተጠቀለለው ጠጉር ሆኖ አግኝቶታል። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል ከ500 ሜትር ብዙም አትርቅም። የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲሻገር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም። ተፈጥሮ ለባሮ ዳር ሰው የሰጠችውን ጥላ እኛ በብረት እየተኮስን፣ በላስቲክ ጠጉር እየደፈንን እናነሣዋለን።

ኬሚካሉማ ሌላ ጣጣ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ተመራማሪዎች ከ33,000 በላይ ሴቶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት፣ ጠጉር ማለስለሻ የማይጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ ሲሆን አዘውትረው የሚጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ እንደሚደርስ ገምቷል። ጥናቱ ኬሚካሉ በሽታውን ያመጣል ብሎ አልደመደመም። ቢሆንም ሳሎኖቻችን ውስጥ ይህን ቁጥር ለደንበኛዋ የምትናገር ሠሪ አላጋጠመችኝም።

«ይህ ሁሉ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ሰው የወደደውን ያምራል ቢል ምን ነውር አለው?» የሚሉኝ አሉ። ምርጫ ማለት እኮ ቢያንስ ሁለት ነገር ቀርቦ አንዱን ማንሣት ነው። በባሮ ዳር ሌላ የውበት ሐሳብ ነበረ፣ ዛሬም አለ። በአኝዋ ዘንድ ዲሙይ የሚባለው ሰማያዊ የመስታወት ዶቃ ለጥሎሽ የሚሰጥ ሀብት ነው። ዓይን አንገትንና ዶቃን ይፈልጋል፤ ጠጉር እስከ ራስ ቅል ድረስ አጥሮ መቆረጡ የፊትን ቅርጽ አጉልቶ ያወጣል። የኑዌር ጎረምሶች ደግሞ ጠጉራቸውን በዐመድና በከብት ሽንት አቅልተው ይሽቀረቀራሉ፤ የዛሬው የአዲስ አበባ ጎረምሳ በገንዘቡ የሚያስቀባውን እነሱ ከበረታቸው ያገኙታል። ደገኛው ይህን ሲያይ ምን ያነባል? ጠጉሯን የተላጨችን ልጅ «ማን ሞቶብሽ ነው?» ይላታል። በእሱ አገር ጠጉር የሚላጨው ለሐዘን ነዋ! የገዛ አያቱ በልጅነቷ መኻል አናቷን ተላጭታ ሳዱላ እንደነበረች፣ ያም ለጌጥ እንጂ ለልቅሶ እንዳልነበረ ዘንግቶታል።

ሌሎቹ ደግሞ ዓድዋን ይመዙብኛል። «የጥቁር ሕዝብ ኩራት የሆነች አገር እንዴት በጠጉር ትታማለች?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም፣ በመቅደላ ከዓፄ ቴዎድሮስ አስከሬን ላይ ተቆርጦ የተወሰደውን ጠጉር ለኢትዮጵያ መለሰ። 150 ዓመት በባዕድ አገር የቆየ ዘለላ ጠጉር ነው። ስንቀበለው ደስ ብሎናል፤ ይገባናልም። ጠጉር የሰው ክብር አካል መሆኑን ለእንግሊዝ አስረድተን አሳምነናል ማለት ነው። ለራሳችን ማስረዳት ነው ያቃተን።

በዓሉንም አልረሳሁትም። 10ኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ሲከበር የክልሉ ሴቶች ዶቃቸውን ደርድረው በየቴሌቪዥኑ ታዩ። ካሜራው ጠገበ፣ እንግዳው አጨበጨበ፣ ሁሉም «እንዴት ያምራሉ!» አለ። በማግሥቱ የሳሙናው፣ የቅባቱና የባንኩ ማስታወቂያ ወደ ዞማዋ ልጅ ተመለሰ። በየዓመቱ ኅዳር 29 ለአንድ ቀን ቆንጆ መሆን ምን ዓይነት ቁንጅና ነው? ናቹራል የሚባለውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በአዲስ አበባ የቅባት ማስታወቂያ ላይ «ተፈጥሯዊ ውበት» ተብላ የምትቆመዋን ልጅ እዩአት። ጠጉሯ ተጠቅልሏል፣ ግን ለስለስ ብሎ፤ ጨፍ ያለ ነው፣ ግን ረዝሞ ይወርዳል። ከመሰላሉ አንድ ደረጃ ብቻ ነው የወረድነው።

አስገራሚው ነገር ዓለም እኛን ቀድሞ መሄዱ ነው። አሌክ ዌክ የተባለችው የደቡብ ሱዳን ዲንካ ሞዴል፣ ፀሐይ በመሰለ ጥቁር ፊቷና በአጭር በተቆረጠ ጠጉሯ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1997 ኤል በተባለው መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች። ሉፒታ ኒዮንጎ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ኦስካር በተሸለመችበት ዓመት፣ በልጅነቷ መልኳን ትጠላ እንደነበርና አሌክ ዌክን ማየቷ እንደረዳት በአደባባይ ተናገረች። ሉፒታ የኬንያ ሉኦ ናት። የሉኦና የአኝዋ ቋንቋ ደግሞ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ግራዚያ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ፎቶዋን ሽፋኑ ላይ ሲያወጣ ከኋላ የታሰረውን ጠጉሯን በኮምፒዩተር ቆርጦ፣ የቀረውንም አለስልሶ አወጣው። ዝም አላለችም። መጽሔቱም ፎቶ አንሺውም ይቅርታ ጠየቁ። እንግዲህ ይህችን ሴት በፊልም አይተን «ምን ዓይነት ቆንጆ ናት!» የምንል ሰዎች፣ የሥጋ ዘመዷ የምትመስል ልጅ ጋምቤላ ውስጥ ስታልፍ «ከርዳዳ» እንላለን። ሉፒታን የተቀበልናት ፈረንጅ ካጸደቀልን በኋላ ነው ማለት ነው።

የጠጉር ሥራ የሚያስተምሩ ተቋማት ይህን ጠጉር የትምህርታቸው አካል ያድርጉት፤ የጋምቤላ ልጅ ለምረቃዋ ስትሠራ የምትከፍለው ገንዘብ ከሌላዋ ገንዘብ አያንስም። ማስታወቂያ ሠሪዎችም ከኅዳር 29 ውጭ ያሉትን ቀናት ይቁጠሩ። የቀበሌ ማስታወቂያ የሚጽፈው ሰው «የማይታወቅ ሰው» ብሎ ቢጽፍ ቀለም አያልቅበትም።

ደግሞስ ለዚህ ጠጉር የሚሆን ዕቃ የለንም እንዴ? ሚዶ አለልን። ከእንጨት የተቀረጸ፣ ጥርሱ ረጃጅምና ሰፋፊ፣ የደጋው ጎበዝ ጎፈሬውን ያበጥርበት የነበረው ሚዶ። አያቶቻችን ሉጫ ቢሆኑ ኖሮ ያን የመሰለ ማበጠሪያ ለምን ይቀርጹ ነበር? ባለፈው በቸርችል ጎዳና ከሚገኙት የቱሪስት ዕቃ መሸጫዎች በአንዱ ገብቼ አንድ ሚዶ አነሣሁ። ሻጩ ለራሴ መግዛቴን ሲያውቅ ግር አለው።

«እህቴ፣ እሱ እኮ ማበጠሪያ አይደለም» አለኝ፤ «ለግድግዳ ነው።»