እድር ከቀብር በፊት ይድረስ

አንገቱ ላይ እብጠት የወጣበት ሰው መጀመሪያ «ብርድ ነው፣ ይለቅሃል» ይባላል። አንቲባዮቲክ ገዝቶ ይውጣል። አልጠፋ ሲል ሌላ ዙር ይታዘዝለታል፤ አንዳንዱም ናሙና ሳይሰጥ የቲቢ መድኃኒት ይጀምራል። መሐል ላይ በእሳት የሚተኩስለት አይጠፋም። በመጨረሻ «ናሙና ይወሰድ» ሲባል ደግሞ ጎረቤቱ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ብሎ ያስቀረዋል። ስፔሻሊስት ዘንድ ሲደርስ ድምፁ ተዘግቷል፣ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶታል።

የእድር ዳኞች፣ የማኅበር ሙሴዎች፣ ይህን መንገድ ማሳጠር በእጃችን ነው! ሰው ሲሞት ጡሩምባ ሰምተን ድንኳን ለመትከል የምንሽቀዳደም ሰዎች፣ ያው ሰው በሕይወት ሳለ ሪፈሩን ይዞ ብቻውን ሲንከራተት ዝም ብለን ማየት የለብንም።

የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ምልክቶችን እንወቅ፣ ለሌላውም እንንገር። ከ3 ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ያልለቀቀ የድምፅ መጎርነን፣ ያልጠፋ የአንገት እብጠት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚደማ ወይም የሚዘጋ አፍንጫ። ይህ ሁሉ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ግን እብጠቱ ቲቢ ይሁን ካንሰር በመዳሰስ አይለይም፤ የሚለየው ናሙናው ነው። ናሙና በሽታውን ያሰራጫል የሚለውን ፍርሃት ከመንደራችን እናውጣ! ስንቱን አስቀብሮናል። ለምሳሌ የማንቁርት ካንሰር ገና በጅምሩ ከተደረሰበት በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና ብዙዎች ይድናሉ።

ትንባሆና አልኮል አንድ ላይ ሲሆኑ አደጋውን ያባብሱታል። ቢሆንም አጭሶ የማያውቅም ይታመማልና በሽተኛውን አንውቀስ።

የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ሁለተኛውን ዙር አንቲባዮቲክ ከመጻፋችሁ በፊት አፉን አስከፍታችሁ እዩ፣ አንገቱን ዳስሱ፣ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ላኩት።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ ጅማን የመሰሉ ከተሞች ቢጨመሩም መንገዱ ለብዙዎች ሩቅ ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ወይም ለ7 ሳምንት ይሰጣል። ከገጠር የመጣ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ የት ይደር? እህል መዋጥ ሲያቅተው አጥሚት ማን ያፍላለት? ይህ የእኛ ሥራ ነው።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አጀንዳ አስይዙ። ለሕሙማን መሳፈሪያና ማደሪያ የሚሆን ገንዘብ ለዩ። ከበሽተኛው ጋር ሄዶ ካርድ የሚያወጣ፣ ቀጠሮውን የሚያስታውስ፣ የናሙናውን ውጤት ተከታትሎ የሚቀበል አንድ ሰው መድቡ። አዲስ አበባ ያላችሁ የአገር ልጆች፣ አንድ ክፍል አዘጋጁ። ነገ ሳትሉ፣ በዚህ ወር ወስኑ!